የእንጨት ቶርኖ ለምትጀምሩ፦ ከመሮ ሴት (ስብስብ) በፊት መሳያ ግዙ

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን ክር (ውይይት) የከፈትኩት በውስጥ መስመር ቶሎ ቶሎ የሚመጣልኝ አንድ ጥያቄ ስላለ ነው፣ የእንጨት ቶርኖ (እንጨት በማሽን እያሽከረከሩ በመሮ መቅረጽ) መማር ፈልጌ ነበር የትኛውን የመሮ ሴት ልግዛ የሚል። የኔ መልስ አጭር ነው። ሴቱን አትግዙ። አንድ ደህና ጋውጅ (ጎድጓዳ መሮ)ና አንድ ፓርቲንግ (ቀጭኗ መቁረጫ) ያዙ፣ በተረፈው ብር ግራይንደር (የሚሽከረከር መሳያ ማሽን) ከነ ነጭ ድንጋዩ ግዙና መጀመሪያ መሳል ተማሩ።

እኛ ጋ ሊሞክሩ የሚመጡ ልጆች ሲቸገሩ የማየው ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ነው። መሮው ደንዟል፣ ልጁ ግን መደንዘዙን አያውቅም፣ ስለዚህ ይገፋል። ሲገፋ የሚወጣው ፍቅፋቂ ሳይሆን ሰጋቱራ ይሆናል፣ እንጨቱ ይሞቃል፣ ክንዱ ይዝላል፣ ትንሽ ቆይቶ መሮው ይነክስና እንጨቱን ቦጭቆ ያስፈነጥረዋል፣ ልጁም ደንግጦ ይሄ ስራ ለኔ አይሆንም ብሎ ይሄዳል። በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ልጁ ችሎታ አላነሰውም፣ ያነሰው ስለት ነው። የተሳለ መሮ ሲሆን ተረከዙን (ከስለቱ ኋላ ያለውን የተዳፋቱን ጫፍ) እንጨቱ ላይ አሳርፈህ እጀታውን ቀስ እያልክ ከፍ ስታደርገው መቁረጡን ራሱ ይጀምራል፣ ፍቅፋቂውም ሳይበጣጠስ እየተጠቀለለ ይወጣል።

መደንዘዙን ለማወቅ ስለቱን ወደ መብራት አዙሩት። ጫፉ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ካብለጨለጨ ደንዟል፣ የተሳለ ጫፍ ብርሃን የሚመልስበት ፊት የለውም። ስትስሉ ደሞ ቤቭሉን (ከስለቱ ኋላ ያለውን ተዳፋት) በጥቁር ማርከር ቀቡት፣ ግራይንደሩን ሳታበሩ መሮውን አስደግፉና ድንጋዩን በእጃችሁ ትንሽ አዙሩት፣ ከዛ ቀለሙ የቱ ጋ እንደተፋቀ እዩ። ጫፉ ጋ ብቻ ከተፋቀ መሮው ከልክ በላይ ቆሟል፣ ተረከዙ ጋ ብቻ ከሆነ ተኝቷል። ከላይ እስከ ታች እኩል ሲፋቅ ያኔ ማሽኑን አብሩት። ይሄን ያወቀ ሰው የቀረውን ይደርስበታል ብዬ ነው የማምነው።

የመጡት መልሶች ብዙ ናቸው፣ ግማሾቹም በድምጽ የተላኩ ስለሆኑ አዲስ ለሚገቡ እንዲመች በየቁጥራቸው በራሴ አባባል ልጻፋቸው።

1ኛ። የመጀመሪያው መልስ ከአዋሳ ነው፣ ገና ቶርኖ ገዝቶ ቤቱ ያስገባ ወጣት። በጣም በትህትና አመስግኖ ስምንት መሮ ያለበት ሴት በርካሽ እንዳገኘና እጀታቸው የሚያምር እንደሆነ፣ አንድ ጋውጅ ብቻውን ግን ከሴቱ ግማሽ በላይ ዋጋ እንደተጠራበት ጻፈ፣ ታዲያ ለምን ሴቱን አልወስድም ነው ጥያቄው። ሃይስፒድ ስቲል የሚባለው ነገር ምን እንደሆነም ጠየቀ። ለሱ የመለስኩት፣ ከስምንቱ ውስጥ መጀመሪያ ላይ የምትነካቸው ሁለት ወይ ሶስት ናቸው፣ ሌሎቹ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ሃይስፒድ ስቲል ስትስለው ቢሞቅና ሰማያዊ ቢሆን እንኳን ጥንካሬው አይሄድም፣ ተራው የካርቦን ብረት ግን ሰማያዊ ከሆነ ያ ቦታ ለስልሷል ማለት ነው፣ ሰማያዊው እስኪያልቅ ድረስ መሳል አለብህ። ለጀማሪ ትልቁ ልዩነት እዚህ ጋ ነው፣ ጀማሪ ግራይንደር ላይ ያቃጥላላ።

2ኛ። ጋሼ የምንላቸው፣ አዲስ አበባ ውስጥ የአልጋ እግርና የደረጃ መደገፊያ ሲሰሩ የኖሩ ሰው ገቡና አረሙኝ። ጋውጅና ፓርቲንግ ብቻ ማለቴ ገበቴ ለሚሰራ እንጂ ለአልጋ እግር አይሰራም አሉ፣ ረጅም እንጨት ላይ ስኪው (ጫፉ በሰያፍ የተቆረጠው ጠፍጣፋ መሮ) ከሌለ ሁሉን ነገር በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍግ ትውላለህ ነው ያሉት። እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ስኪው ስሙ የከፋው በጣም ስለሚነክስ ነው፣ የሚነክሰው ደሞ ረጅሙ የላይኛው ጫፉ እንጨቱን ሲነካ ነው፤ በስለቱ መሃልና ከመሃል ዝቅ ባለው ክፍል ከሰራህበት ግን እንጨቱን ወረቀት የማያስፈልገው አድርጎ ነው የሚያወጣው። ጋሼ ጨምረው ሙሉ እድሜያቸውን የሰሩበት መሮ ከባሌስትራ ተቀጥቅጦ የወጣ እንደሆነ፣ ከውጭ የመጣ መሮ ገዝተው እንደማያውቁም ነገሩን። ይሄን ሳነብ ደስ ነው ያለኝ፣ የሙያው ባለቤት እሳቸው ናቸው።

3ኛ። አንድ መካኒክ የጋሼን ነገር ይዞ መጣ። በባሌስትራው ተስማማ፣ መኪና ተሸክሞ እየታጠፈ የኖረ ብረት ስለሆነ ቶሎ አይሰበርም፣ ነገር ግን አንዳንድ ልጆች ከአሮጌ ሞረድ መሮ ሲሰሩ አይቷልና ይሄ አደገኛ ነው አለ። ሞረድ ሲሰራ በጣም እንዲጠነክር ስለሚደረግ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው፣ ጥርሱን ፍቀህ እጀታ ብታበጅለት መሮ ይመስላል፣ እንጨቱ የነከሰው ቀን ግን ተሰብሮ ፊትህ ላይ ሊመጣ ይችላል። ከሞረድ መስራት ግድ ከሆነ መጀመሪያ ጥርሱን አጽድቶ የጭድ ቀለም እስኪያመጣ አሙቆ ማለዘብ ያስፈልጋል፣ ይሄን የማያውቅ ሰው ባይነካው ይሻላል ብሎ ጨረሰ። እኔ ደሞ የምጨምረው፣ የባሌስትራ መሮ ካርቦን ብረት ስለሆነ ስትስሉት ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ሃይስፒድ ስቲልን ግን ግሎ እያለ ውሃ ውስጥ አትንከሩ፣ ድንገት ሲቀዘቅዝ በዐይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል። አየር ላይ ይቀዝቅዝ።

4ኛ። ቀጣዩ ልጅ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን አለ። ካርባይድ (በጣም ጠንካራ የሆነች ተቀያሪ ስለት ያለው መሮ) ግዙ፣ ትንሿ ስለት ስትደነዝዝ በካቻቢቴ ፈታ አድርጎ ማዞር ነው፣ ሁሉም ጠርዟ ሲያልቅ ሌላ መቀየር፣ ግራይንደር የለ ድንጋይ የለ። ዘመኑ ተቀይሯል፣ ሽማግሌዎች የለመዱትን ነው የሚያስተምሩት የሚል ነገርም ጣል አደረገ።

5ኛ። እዚህ ጋ ክሩ ጋለ። የአምስተኛው መልስ ጸሐፊ በካርባይድ የሚሰራ ሰው ቶርኖ ሰራሁ አይበል ብሎ ጀመረና ሽማግሌ የሚለውን ቃል ይዞ ልጁን ክፉኛ ተናገረው፣ የተናገረውን እዚህ አልደግመውም። ከስድቡ ውስጥ ግን የሚወሰድ ነገር አለ። ካርባይዱ በአብዛኛው መሮው ጠፍጣፋ ተይዞ እንጨቱን የሚፍቅ እንጂ በቤቭል ተደግፎ የሚቆርጥ አይደለም፣ ስለዚህ ለስለስ ያለ እንጨት ላይ ቃጫውን ይጎትተዋል፣ የእንጨቱ ገጽ ሻካራ ይሆናል፣ ያንን በብርጭቆ ወረቀት ለማጥፋት ብዙ ጊዜና ብዙ አቧራ ነው። በአነጋገሩ አልስማማም፣ በነገሩ ግን እስማማለሁ።

6ኛ። አንዲት የባህር ዳር እህታችን ሁለቱንም አረጋጋች። የጀመረችው በካርባይድ እንደሆነ፣ ግራይንደር የመግዛት አቅም ባልነበራት ሰዓት ከእንጨት ጋር ያስተዋወቃት እሱ እንደሆነ፣ አሁን ግን ጋውጅ ይዛ እንደማትመለስበት ጻፈች። ከዛ ማናችንም ያላነሳነውን ነገር አነሳች፣ ልብስና አቧራ። ነጠላ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ፣ ሹራብ እጅጌው ተንጠልጥሎ፣ ጸጉር ተለቆ ማሽኑ ጋ መቆም ሞት ነው አለች፣ ጓንትም እንደዛው። ሰፈሯ ያለ አንድ ሰው ጓንት አድርጎ ሲሰራ የጓንቱን ጫፍ እንጨቱ ይዞት ጣቱን እንዳጣም ነገረችን። ለዚህ መልስ ከሁሉም በላይ አመሰግናለሁ። ጓንት እጅ የሚጠብቅ ስለሚመስል ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ የሚሽከረከር ነገር ላይ ግን ጓንት እጅን ይዞ የሚገባ ገመድ ነው።

7ኛ። ሰባተኛው እሷን ደግፎ የሚከተለውን ጨመረ፣ እኔም አንድም ነገር አልቀንስበትም። መነጽር ብቻ አይበቃም፣ ሙሉ ፊት የሚሸፍን መከላከያ ይደረግ። ማሽኑን ከማብራት በፊት እንጨቱን በእጅ አንድ ዙር ማዞር፣ ማስደገፊያው (መሮው የሚያርፍበት ብረት) ላይ የሚመታ ነገር ካለ ያኔ ይታወቃል። ማስደገፊያውን ለማስጠጋት ማሽኑን ማጥፋት፣ እየዞረ አለመንካት። ሲበራ ደሞ እንጨቱ ቢወጣ በሚበርበት መስመር ላይ አለመቆም፣ ወደ ጎን ማለት። ስለ ፍጥነትም ጥሩ ስሌት ሰጠ። ለገበቴ የእንጨቱን ስፋት በሴንቲሜትር በደቂቃ ከሚዞረው ዙር ጋር ስታባዛው ውጤቱ ከ15,000 እስከ 23,000 ባለው ውስጥ መሆን አለበት፣ ስለዚህ 25 ሴንቲሜትር ገበቴ ከ600 እስከ 900 ዙር ማለት ነው። ገና ያልተስተካከለ ጉማጅ ከሆነ ከዚህም ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ቺንጋውን የትኛው ፑሊ ላይ እንዳለ ሳያዩ ማብራት ትልቅ ጥፋት ነው፣ የቀደመው ሰው ለቀጭን እንጨት ብሎ ከፍተኛው ላይ ትቶት ሊሆን ይችላል።

8ኛ። ከቨርጂኒያ አንድ ወንድማችን ገባ። እዛ የእንጨት ቶርነሮች ማህበር አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመ፣ ዋና ቢሮው ሚኒሶታ ሴንት ፖል ውስጥ ያለ፣ በየከተማው ቅርንጫፍ ክለቦች ስላሉት ውጭ የምትኖሩ ልጆች ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ክለብ ገብታችሁ በሰው እጅ ስር ተማሩ አለ። ጥሩ ምክር ነው፣ ከጎን ቆሞ እጀታውን ትንሽ ከፍ አድርገው የሚልህ ሰው ካለ የወራት ድካም ይቀርልሃል። ከዛ ግን ያገለገለ ቶርኖ ገዝቶ ሀገር ቤት ሊልክ እንዳሰበ፣ ትራንስፎርመር ከተደረገለት እንደሚሰራ ጻፈ።

9ኛ። ኤሌክትሪሺያኑ ቶሎ ደረሰበት። ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ወደ 110 ያወርዳል እንጂ ኸርዙን (የመብራቱን ድግግሞሽ) አይነካም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው የኛ 50፣ ስለዚህ ተራው የኢንዳክሽን ሞተር ፍጥነቱ በስድስት አንድ ገደማ ይቀንሳል፣ ከዛ በላይ ደሞ ከተሰራለት የበለጠ ይሞቃል፣ ብዙ ቢሰራ ሊቃጠል ይችላል። ፍጥነቱ በቁልፍ የሚቀያየር በዲሲ ሞተር የሚሰራ ከሆነ ቮልቱ ከተስተካከለ ብዙ ችግር የለውም፣ ሆኖም ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ ሳታነብ ኮንቴይነር ውስጥ እንዳትጭን ነው ያለው። አንድ ነገርም ጨመረ፣ ቻክ (እንጨቱን ጨብጦ የሚያሽከረክረው መያዣ) የሚገባበት ጥርስ የአሜሪካኖቹ በብዛት 1 ኢንች ሆኖ በኢንች 8 ጥርስ ነው፣ የአውሮፓዎቹ ብዙዎቹ ኤም 33 በ3.5 ናቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ አይገባም። ማሽን ከአንድ ሀገር ቻክ ከሌላ ሀገር ገዝተው የተቸገሩ ሰዎችን አውቃለሁ፣ ስለዚህ ይሄን መልስ ሴቭ አድርጉት።

10ኛ። የአዋሳው ልጅ ተመልሶ ምን ልስራ፣ በምን እንጨት ልለማመድ አለ። ጋሼ ዘነዘና ስራ አሉት። እኔም እዛው ነኝ፣ ዘነዘና አጭር ነው፣ ወፍራም ነው፣ በሁለት ጫፉ ተይዞ ነው የሚሰራው፣ ቢበላሽ አሳጥረህ ሌላ ታደርገዋለህ፣ ሲያልቅ ደሞ እናትህ ነጭ ሽንኩርት ትወቅጥበታለች። እንዝርት ስራ ያለውም ሰው ነበር፣ እሱ ግን ለጀማሪ አይመችም፣ ቀጭን ሆኖ ሲረዝም መሃሉ ይርገበገባል።

ከ11ኛ እስከ 15ኛ። ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ እንጨት ሄደ። አንዱ ዋንዛ ከሌለ ስራ የለም አለ፣ ሌላው ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ በህግ የተከለከለ መሆኑን አስታወሰው፣ ሰውየው ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ በር ነው የምጠቀመው ብሎ ተከላከለ። እሱ ይበል የሚያሰኝ ነው፣ ግን ምስማሩን በደንብ ፈልጋችሁ አውጡ፣ የተደበቀ ምስማር ስለቱን ያበላሸዋል። የወይራ ወዳጅ የሆነ አንድ ሰው ስለ ወይራ መልክና ሽታ ረጅም ነገር ጻፈ፣ ባህር ዛፍ ሲደርቅ እንዴት እንደሚሰነጣጠቅም አማረረ። ከዛ አንዱ የገና ጨዋታ ሩር በቶርኖ ይወጣል ወይ ብሎ ጠየቀና ሩር ከእንጨት ነው ከጠፍር ነው የሚል ክርክር ተነስቶ ሁለት ሰዎች በየሀገራቸው ልማድ ተከራከሩ። ኳስ ቅርጽ በነጻ እጅ ማውጣት ይቻላል፣ የጀማሪ ስራ ግን አይደለም።

16ኛ። አምስተኛው ሰውዬ ተመልሶ መጣና ክሩን አበላሻችሁት፣ ስለ መሮ ነው የተጠየቀው፣ ጨዋታ ያማራችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ ብሎ ተቆጣ። የባህር ዳሯ እህታችን በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ብላ መለሰችለት፣ ብዙ ሰው በሳቅ ተቀበላት፣ እሱም ዝም አለ።

17ኛ። ካርባይድ ግዙ ያለው ልጅ በሌላ ነገር መጣ፣ ከመሮ ስብስቡ ውስጥ አንዱ የሆነውን ሰፊውን ራፊንግ ጋውጅ ይዞ ገበቴ ሲቆፍር የሚያሳይ ፎቶ ለጠፈ። ከዚህ ክር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ፤ ራፊንግ ጋውጅ ገበቴ ላይ በፍጹም አይነካም። እጀታው ውስጥ የሚገባው ጅራቱ ቀጭንና ጠፍጣፋ ነው፣ የተሰራው በርዝመቱ ለሚዞር እንጨት ነው። ገበቴ ሲዞር በእያንዳንዱ ዙር የእንጨቱ አናት (ቃጫው የተቆረጠበት ጫፍ) ሁለት ጊዜ እየመጣ መሮውን ይመታዋል፣ በዛ ላይ ከነከሰ ጅራቱ አንገቱ ላይ ይሰበራል፣ የተሰበረው ብረት የት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ለገበቴ የሚሆነው ከክብ ብረት የተሰራው የገበቴ ጋውጅ ነው። መካኒኩም፣ ጋሼም፣ ያ ቁጡው ሰውዬም በየተራ ይሄንኑ ጻፉለት፣ ቁጡው በዚህኛው ላይ በሚገርም ጨዋነት ነው ያስረዳው። ልጁ ፎቶውን አነሳ፣ አመሰገነም።

18ኛ። አንድ ሰው እርጥብ እንጨት ይሰራል ወይ አለ፣ የአቮካዶና የግራቪላ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ እያየ ስለሚቆጨው። ይሰራል፣ እንዲያውም እርጥብ ሲሆን ለመሮ በጣም ይመቻል። ግድግዳውን ወፍራም አድርጋችሁ አውጡት፣ የስፋቱን አንድ አስረኛ ያህል፣ 30 ሴንቲሜትር ከሆነ 3 ሴንቲሜትር ማለት ነው፣ አናቱ የሚታይበትን ቦታ ሰም ቀቡና ጥላ ውስጥ ለወራት አስቀምጡት። ሲደርቅ ይንጋደዳል፣ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል ቅርጽ ይይዛል፣ ያን ጊዜ እንደገና አስራችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ወፍራም የተተወው ለዚህ ነው።

19ኛ። ስለ መቀቢያ ነው። አንዷ የምግብ ዘይት እንደምትቀባ ጻፈች፣ ሌላ ሰው ቀስ ብሎ አረማት፣ ብዙው የምግብ ዘይት አይደርቅም፣ ይጣበቃል፣ ቆይቶም ይሸታል። የተልባ ዘይት ግን ከአየር ጋር ሲገናኝ ጠንክሮ የሚደርቅ ነው፣ ከሱ ላይ የንብ ሰም ስታሹበት ያማረ ነገር ይወጣል። እኔ የጨመርኩት ማስጠንቀቂያ አለ፣ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ እንዳትጥሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፣ የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ማንም ሳይለኩሰው እሳት ይነሳል፣ ሰጋቱራ በሞላበት ቤት ደሞ ምን እንደሚሆን አስቡት። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት።

20ኛ። የአዋሳው ልጅ ሴቱን ትቶ ግራይንደር ገዛ! ፎቶ ልኳል፣ ዘነዘናው አንገቱ ጋ ትንሽ ሻካራ ነው እንጂ ቅርጹ ደህና ነው። ጥያቄው መሮው ጫፉ ላይ ሰማያዊ ሆነብኝ ተበላሸ ወይ ነው። ሃይስፒድ ስቲል ስለሆነ አልተበላሸም፣ ነገር ግን ሰማያዊ መሆኑ ድንጋዩ ላይ በጣም እየተጫንክ መሆኑን ይነግርሃል፣ ቀለል አድርገህ ንካው፣ ድንጋዩም በብረት ብናኝ ከተደፈነ ድንጋዩን በሚያጸዳው መሳሪያ (ድሬሰር) ፋቀው። ግራይንደሩ በደቂቃ 2,800 ዙር ገደማ የሚዞረው ፈጣኑ ዓይነት ከሆነ ደሞ ቶሎ ያሞቃል፣ 1,400 አካባቢ የሚዞረው ዝግተኛው ለጀማሪ ይሻላል፣ የገዛኸውን ግን አትቀይር፣ እጅህን ቀለል ማድረግ ይበቃል።

21ኛ። ያላለቀው ክርክር የመሳያ ጂግ (ሲሳል መሮውን በአንድ አንግል የሚይዝ መያዣ) ነው። ጋሼ በእጅ ነው የሚሳለው፣ ጂግ የለመደ እጅ አይማርም ባይ ናቸው፣ መካኒኩ ደሞ ጂግ ሁሌ አንድ አንግል ስለሚሰጥ ብረት አያባክንም ይላል። እኔ ለጀማሪ ጂግ ይሻላል እላለሁ፣ ምክንያቱም ጀማሪ ስራው ሲበላሽ ጥፋቱ ከስለቱ ይሁን ከአያያዙ መለየት አለበት፣ ስለቱ ሁሌ አንድ ዓይነት ከሆነ አያያዙን ብቻ ያስተካክላል። ብየዳ የምትችሉ ከብረት ቁራጭ ራሳችሁ ልትሰሩት ትችላላችሁ፣ መካኒኩ የሱን ልኬት እለጥፋለሁ ብሏል። ጋሼም የአዋሳው ልጅ አዲስ አበባ ከመጣ ቤታቸው ወስደው በእጅ መሳል እንደሚያሳዩት ቃል ገብተዋል። ሁለቱንም የሞከራችሁ ካላችሁ ለገበቴ ጋውጅ ስንት ዲግሪ እንደምትስሉ ጻፉልን፣ እኔ ከ50 እስከ 55 ባለው ውስጥ ነኝ።